በስዊቾቻችን ላይ ትራፊክን በአክሰስ ሊስት ስለማጣራት

የተከበራችሁ የኔትወርክ ባለሙያዎች፣ ውድ ባልደረቦቼ፣

ስለ ኔትወርክ ደኅንነት በተነሳ ቁጥር ዐይናችን የሚያርፈው ከኢንተርኔቱ መግቢያ ላይ በተተከለው ፋየርዎል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ብዙ አገሮችን ያናወጠው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ግን አንድ ኮምፒውተር ከያዘ በኋላ በፋይል መጋሪያው ፖርት 445 አማካይነት በተቋማቱ የውስጥ መስመር ጭምር ተዛምቷል። የውስጥ መስመር ማለት እኛ በየዕለቱ የምናስተዳድራቸው ስዊቾች ናቸው፤ ስለዚህ በቪላኖች፣ ማለትም በስዊች ላይ ተለያይተው በተከፈሉ ንዑስ ኔትወርኮች፣ መካከል የሚመላለሰውን ትራፊክ እዚያው ስዊቹ ላይ በአክሰስ ሊስት፣ ማለትም የሚያልፈውንና የሚከለከለውን በሚወስን የደንቦች ዝርዝር፣ ማጣራት ከዋና ሥራችን ሊቆጠር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ዩኒቨርሲቲ እናስብ። የተማሪዎች ላቦራቶሪ ቪላን 10.10.20.0፣ የሬጅስትራር ሰርቨሮች ቪላን 10.10.50.0 ነው እንበል። ተማሪው ውጤቱን በድረ ገጽ ማየት አለበት፤ ወደ ዳታቤዙ መድረስ ግን የለበትም። በላቦራቶሪው ቪላን ኢንተርፌስ (ትራፊኩ ከቪላኑ ሲወጣ በሚያልፍበት በር) መግቢያ ላይ በሚቀመጠው ዝርዝር፣ የመጀመሪያው መስመር ወደ ድረ ገጹ ሰርቨር በፖርት 443 የሚሄደውን ይፈቅዳል፤ ሁለተኛው ወደ ሬጅስትራሩ ቪላን የሚሄደውን ሌላ ሁሉ ይከለክላል፤ ሦስተኛው የቀረውን ያሳልፋል። ስዊቹ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች አንብቦ የሚገጥም መስመር እንዳገኘ ስለሚያቆም፣ ክልከላው ከፈቃዱ በላይ ከተጻፈ ፈቃዱ ጨርሶ አይደረስበትም። ሦስተኛው መስመር ከተረሳ ደግሞ በዝርዝሩ መጨረሻ ሳይጻፍ የሚሠራው አጠቃላይ ክልከላ ላቦራቶሪውን ከኢንተርኔት ጭምር ይቆርጠዋል።

ይህን ሦስተኛ መስመር መነሻ አድራሻው 10.10.20.0 የሆነውን ብቻ እንዲያሳልፍ አድርገን ብንጽፈው ጥብቅና ትክክለኛ ይመስላል። ነገር ግን ገና የተከፈተ ኮምፒውተር ለኮምፒውተሮች አድራሻ በሚያድለው በዲኤችሲፒ በኩል አድራሻ ሲጠይቅ የራሱ አድራሻ ስለሌለው መነሻውን 0.0.0.0 አድርጎ ይልካል፤ ጥያቄውም በር ላይ ይጣላል። የሚያስቸግረው ጉዳቱ በዕለቱ አለመታየቱ ነው፦ ቀድሞ አድራሻ ያገኙት ኮምፒውተሮች ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ ቅሬታው የሚመጣው ዘግይቶ ከአዲስ ገቢዎች ስለሆነ፣ ዝርዝሩን የሚጠረጥር ሰው አይኖርም። የዲኤችሲፒ ጥያቄ ወደሚላክበት ወደ ዩዲፒ ፖርት 67 የሚሄደውን የሚፈቅድ መስመር ከሁሉም በላይ ይቀመጥ፤ ለምን እንደተጻፈም በሪማርክ (በዝርዝሩ ውስጥ በሚጻፍ ማስታወሻ) ይገለጽ።

በቪላን ኢንተርፌስ ላይ ያለ ዝርዝር በዚያው ቪላን ውስጥ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚለዋወጡትን አያይም። ፖርት 445ን በላቦራቶሪው ውስጥ ለመዝጋት ዝርዝሩን ገመድ በሚሰካበት በስዊቹ በየፖርቱ ላይ ማሰር ወይም፣ ስዊቹ የሚችል ከሆነ፣ በቪላኑ ውስጥ የሚመላለሰውንም የሚያጣራውን ቪላን ማፕ መጠቀም ያስፈልጋል። ይህን ስናደርግ ግን ደንቦቹ የሚቀመጡበት ቲካም የተባለው ሜሞሪ ውስን መሆኑን እናስብ።

ከሩቅ ሆናችሁ በሲስኮ ስዊች ላይ ዝርዝር ስትተገብሩ የቆየውን ኮንፊገሬሽን አስቀድማችሁ ሴቭ አድርጉና «ሪሎድ ኢን 10» ብላችሁ እዘዙ። ራሳችሁን ውጭ ብትዘጉ እንኳ ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ተነሥቶ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ሁሉም በትክክል መሥራቱን ካረጋገጣችሁ ትእዛዙን ሰርዛችሁ አዲሱን ሴቭ አድርጉ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።