ስማችሁ ሲጠራ አትነሱ

የተከበራችሁ የጦር ጉዳተኛ አባቶቻችን፣ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ ፈትል ይዛችሁ የከረማችሁ እናቶችና ወጣቶች፤ እንኳን በደህና መጣችሁ።

አምና አንድ አባት ደጅ ሄጄ ጋቢ በፌስታል አቀበልኳቸው። በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ እግራቸውን ያጡ ናቸው። ፌስታሉን አይተው «የተቸገርኩ መሰለሽ?» አሉኝና መለሱልኝ። እውነት ነበራቸው። ከገበያ የተገዛ ጋቢ፣ በሩጫ፣ ቁጭ ብዬ እንኳን ሳልጠይቃቸው!

ከዚያ ወዲህ ሥራውን ከሥሩ ጀመርነው። ድሩን ገዛን፤ ማጉን ግን ራሳችን ፈተልን። ጥጡን ዳምጠን፣ በደጋን ነድፈን፣ ባዘቶውን ይዘን ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ዋርካ ሥር እንቀመጣለን። ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ባዘቶው ይበናል፤ ሰብስበን ወደ ቤት እንሮጣለን። እንዝርት በእጃቸው ነክተው የማያውቁ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ክሩ እየተበጠሰባቸው፣ እየቀጠሉ ለመዱ። ጋቢ አራት ድርብ ነውና ፈትሉ ቶሎ አይሞላም። ሸማኔያችንም የእጁን ዋጋ በግማሽ ቀነሰልን፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ቤታችሁ እየመጣን ስንጠይቃችሁ ያላሰብነውን አስተማራችሁን። አንድ ክንድ ያለው ሰው ጋቢ ሲደርብ የሚንሸራተተውን ጫፍ በምን ይያዝ? ትከሻው ላይ ማያያዣ ሰፋንለት። በክራንች ለሚሄዱት ጫፉ እንዳይጠልፋቸው ቁመቱን አሳጠርን። ዓይናቸውን ያጡ አንድ ወንድማችን ደግሞ ናሙናውን በጣታቸው ዳበሱና «ይሄ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል፤ የጀማሪ ፈትል ነው» አሉ። የፈተለችው ልጅ አጠገቤ ነበረች፤ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን «ለኔ ይሄው ይሁንልኝ፤ የሰው እጅ ይታወቀኛል» አሏት። ያ ጋቢ ዛሬ እዚህ አለ።

ይህች ከተማ ጦርነትና ጥጥ የተገናኙባት ናት። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። በአሜሪካም ልጇ ኢራቅ የዘመተባት ካትሪን ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ2003 ያስጀመረችው ሥራ አለ፤ ፈቃደኞች ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመው ብርድ ልብስ ይሰፉና በወታደሩ ትከሻ ላይ ያለብሱታል። ይህን ስሰማ ፌስታሌ ትዝ አለኝ። እኛስ ብንሆን ለአባት ጋቢ የምናለብሰው በሁለት እጃችን አይደለም ወይ?

ስለዚህ ስማችሁ ሲጠራ አትነሱ፤ ወደዚህ መድረክም አትምጡ። የፈተሉት ልጆች ራሳቸው እየመጡ ያለብሷችኋል። በላያችሁ ላይ ይለቅ።

አምና ጋቢዬን የመለሱልኝ አባት ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። የሳቸውን ማግ የፈተልኩት እኔ ነኝ፤ ከሳቸው እጀምራለሁ።

አባባ፣ ይፍቀዱልኝ።