አፈሩ ሲረጭ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወላጆች፣ የድሬ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ይህን ኤግዚቢሽን እንድከፍት ስጠየቅ አሥር ደቂቃ ነው የተሰጠኝ። የልጆቹን ሥራ ግድግዳው ላይ ታዩታላችሁ፤ ኮርቼባቸዋለሁ። እኔ ግን የመጣሁት በሩ አጠገብ ስለተሰቀለችው የአፈር ፎቶ ልናገር ነው። ስትገቡ ብዙዎቻችሁ አልፋችኋታል።

የፍልፈል ፎቶ ናት። ሶማሌ ወገኖቻችን ፋሩምፈር የሚሏት፣ ፀጉር የሌላት፣ ከመሀል ጣት ብዙ የማትበልጥ ፍጥረት። ክብደቷ 35 ግራም ቢሆን ነው። ከ30 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፤ እዚህ ከተቀመጡት ወጣቶች ብዙዎቹን በዕድሜ ልትበልጥ ትችላለች ማለት ነው። ያን ሁሉ ዕድሜ ከመሬት በታች ነው የምትጨርሰው።

ጅብ ፎቶ ማንሳት የፈለገ ሐረር ይሂድ። ሲመሽ ጅቡ በስሙ ይጠራል፣ ይመጣል፣ ሥጋውን ከእንጨቱ ላይ ይወስዳል። ባጃጁም መብራቱን ያበራላችኋል። ፍልፈልን ግን ማን ጠርቶ ያወጣታል?

ፍልፈል ፎቶ ለማንሳት በሞከርኩበት የመጀመሪያ ዓመት ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ከሽንሌ ወጣ ብሎ ካለ ሜዳ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ያየሁት ትናንሽ የአፈር ቁልል ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን አንድ ልጅ አካፋ ይዞ መጣ። «መቶ ብር ስጠኝ፣ አወጣልሃለሁ» አለኝ። ሰጠሁት። ብዙም ሳይቆይ አንዷን በጣሳ አመጣልኝ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ አነሳኋት። ትንቀጠቀጥ ነበር። ወደ ኋላ ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ ቀዳዳ ትፈልጋለች፣ ድንጋዩን በጥርሷ ትፍቃለች። መልሼ እንዳላስገባት ቤቷ ፈርሷል። ማታ ላይ ሞተች።

ፎቶው ጥርት ያለ ነው። የቆዳዋ እጥፋት አንድ በአንድ ይቆጠራል። እስከ ዛሬ ለማንም አላሳየሁትም፤ አላሳይምም።

በማግስቱ ፍየል የሚያግዱ አንዲት እናት የተቆፈረውን መሬት አዩና ቆሙ። አሁን አዬዮ ነው የምላቸው፣ በሶማሊኛ አያቴ እንደማለት። «ልጄ፣ እግርህ ከአንተ ቀድሞ ያወራል» አሉኝና ጫማዬን አስወለቁኝ። ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። ፍልፈል ዓይኗ ለስሙ ያህል ነው፤ የመሬቱን ንዝረት ግን ትሰማለች። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ በከባድ ጫማ ስመላለስ «መጣሁ» እያልኳት ነበር።

ዝናብ እስኪጥል ጠበቅኩ። ያ መሬት ሲደርቅ ሸክላ ነው፣ ለጥርስ አይበገርም። ዝናብ ሲያለሰልሰው ሥር ፍለጋ ቁፋሮ ይጀምራሉ። አሠራራቸው ያስደንቃል። የፊተኛዋ በጥርሷ ትፈለፍላለች። ከኋላዋ ያሉት አፈሩን እየጠረጉ ያሳልፋሉ። የመጨረሻዋ ጀርባዋን ለቀዳዳው ትሰጥና በኋላ እግሮቿ አፈሩን ወደ ውጭ ትረጨዋለች። ላየው ሰው ትንሽዬ እሳተ ገሞራ ነው። ሥራው ሲያልቅ ቀዳዳውን ይደፍኑታል።

ስድስት ጠዋት በሆዴ ተኛሁ። ባዶ እግሬን፣ ካሜራው መሬት ላይ፣ ፀሐይዋን ከቀዳዳው ኋላ አድርጌ። አንድ ባጃጅ በሩቅ ካለፈ አፈሩ ይቆማል። አንድ ጊዜ አስነጠስኩና የዚያን ቀን ሥራ አበቃ። በሰባተኛው ጠዋት ሻተሩን፣ ማለትም የካሜራውን የብርሃን መዝጊያ፣ ለሰከንድ አንድ ሺህኛ አድርጌ አነሳሁ። አፈሩ አየር ላይ እንደ ወርቅ ብናኝ ተንጠልጥሏል። ተጠግታችሁ እዩ፤ መሀሉ ላይ ሁለት ሐምራዊ እግሮች አሉ።

ይህን ፎቶ ለአንድ ውድድር ላክሁት። የማንንም ስም አላነሳም። «አውሬው የታለ? አፈር ነው የላክህልን» ተባልኩ። ያሸነፈችው በሰው መዳፍ ላይ የተያዘች ፍልፈል ነበረች። የእኔ ቅሬታ ሽልማቱ አይደለም። መዳፍ ላይ ያለችው ምን እየሠራች ነው? ልትሞት ነው! ከእህቶቿ ተነጥላ፣ ቤቷ ተንዶ! እንዲህ ያለውን ስንሸልም ለነገ ልጆች አካፋ እያደልን ነው። ዳኞች ሆይ፣ ይህን ስንቴ ልንገራችሁ? ፎቶግራፈር ነኝ የሚል ሰው ያነሳው እንስሳ ከሄደ በኋላ እንዴት ሆነ ተብሎ ይጠየቅ!

ባሌም ግዙፉ ፍልፈል አለ፤ ከባሌ ተራሮች በቀር የትም አይገኝም። ሁለቱንም ለሳይንስ የገለጻቸው ጀርመናዊው ሩፔል ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1842። ግዙፉ ለመኖ ብቅ ስለሚል የተሻለ ዕድል አላችሁ። ባሌ ሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ጉድጓዱ አጠገብ አድብቶ ሲጠብቅ ካያችሁ፣ ልብ ብላችሁ አጥኑ።

ስለ ካሜራና ሌንስም ልናገር አስቤ ነበር፤ ሰዓቴ አልቋል። በስልክም ይቻላል፣ አብሽሩ።

ሰሞኑን ዝናብ ጥሏል። እሁድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት እነሳለሁ። መኪናው ስምንት ሰው ይይዛል። አካፋ የያዘ አይሳፈርም። ሜዳው ጋ ስንደርስ ሁላችንም ጫማ እናወልቃለን፤ አዬዮ እዚያ ይጠብቁናል።