ከሠራነው ሁሉ የምናሳየውን መምረጥ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሰብሳቢው የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

ክቡራንና ክቡራት የማኅበራችን አባላት፤ በየትምህርት ቤቱ አኒሜሽን የምታስተምሩ መምህራን፤ ከየስቱዲዮው ጊዜያችሁን ሰውታችሁ የተገኛችሁ የሙያ ባልደረቦች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚህ ዓመት ትምህርታችሁን አጠናቅቃችሁ ሥራ የምትፈልጉ ተማሪዎች፤ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

የጉባኤ መክፈቻ ንግግር እንደ ልማዱ የሙያውን አጠቃላይ ሁኔታ የሚቃኝ ነው። ዘንድሮ ግን በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስምምነት አንድ ጠባብ ጉዳይ መርጫለሁ፤ እርሱም የአኒሜሽን ተማሪ ራሱን ለቀጣሪ ለማስተዋወቅ የሚያዘጋጃቸው ነገሮች፣ ማለትም ዴሞ ሪሉ (የተመረጡ ሥራዎች የተቀጣጠሉበት አጭር ቪዲዮ፣ ባጭሩ ሪል)፣ ፖርትፎሊዮው (የሥራዎቹ ስብስብ)፣ ሲቪው፣ ድረ ገጹና ከእነዚህ ጋር የሚልከው አጭር ደብዳቤ ነው። ይህን የመረጥሁት ሥራቸው ጥሩ ሆኖ ሳለ አቀራረባቸው የሚያስቀራቸው ተማሪዎች ብዙ በመሆናቸው ነው። በመማሪያ ክፍል ለሥዕል፣ ለእንቅስቃሴና ለታሪክ አወቃቀር ረጅም ጊዜ ይሰጣል፤ ያንን ሁሉ ለሌላ ሰው የማሳየቱ ሥራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይተዋል፤ ተማሪውም የመመረቂያ ፊልሙን አስረክቦ ሲያበቃ፣ እንቅልፍ ባጣ ዐይኑ፣ ያገኘውን ሾት፣ ማለትም ሳይቆረጥ የሚታየውን የፊልም ቁራጭ፣ ሁሉ ቀጣጥሎ ሪል ነው ብሎ ይልካል።

የዛሬው ንግግሬ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ተማሪው የሚያቀርበው ማሳያ የሠራው ሁሉ የሚከማችበት መዝገብ ሊሆን አይገባውም፤ ከሠራው ውስጥ የቱ እንደበሰለና የቱ እንዳልበሰለ መለየት መቻሉን የሚያስመሰክርበት ነው። ቀጣሪ ከእጅ ችሎታ እኩል ይህን የመለየት ችሎታ ይፈልጋል፤ በስቱዲዮ ውስጥ ሥራ በየዕለቱ እየታየ የሚታረም በመሆኑ፣ የራሱ ሥራ ገና መሆኑ የማይታየው ሰው ለሚያርመው ኃላፊ ከባድ ሸክም ይሆናልና።

ሪሉን ከሚያየው ሰው ሁኔታ እንነሣ። እዚህ የተቀመጣችሁ የስቱዲዮ ኃላፊዎች እንደምታውቁት፣ ሪል የሚታየው ብዙ ጊዜ በሌላ ሥራ መካከል ነው። ተመልካቹ ብዙ ማመልከቻ ከፊቱ ተደርድሯል፤ ድምፁን ዘግቶ ሊያይ ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሾቶች ካልያዙት ወደሚቀጥለው አመልካች ያልፋል። ከያዙት ደግሞ ያቆማል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ፍሬም በፍሬም (አንድ አንድ ምስል) እየገፋ የገጸ ባሕርይው ክብደት ከየትኛው እግር ወደየትኛው እንደተላለፈ፣ እጁ በምን ቅስት እንደዞረ፣ እግሩ መሬት ላይ እንደተንሸራተተ ወይም እንደቆመ ይመረምራል። በችኮላ የሚያየውም ሆነ በጥንቃቄ የሚመረምረው ሰው የሚፈልገው ጥቂትና የጠራ ሥራ ነው።

ስለዚህ ለተማሪ ሪል አንድ ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ ቢያጥርም የሚከፋ ቀጣሪ የለም። በሰከንድ 24 ፍሬም በሚታሰብበት አሠራር አንድ ደቂቃ 1,440 ፍሬም ነው፤ በእጁ የሚሥልና እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ሁለት ፍሬም የሚያቆይ ተማሪ እንኳ 720 ሥዕል ያስፈልገዋል። ይህን ያህል የተለፋበትን ሥራ ቆርጦ ማውጣት እንደሚያንገበግብ ማንኛችንም እናውቃለን። ነገር ግን ልፋቱ በማያው ላይ አይታይም። ሦስት ወር የፈጀ ሾት እንቅስቃሴው ከደረቀ ደርቋል፤ በአንድ ሳምንት የተሠራ ሾት ሕይወት ካለው ሕይወት አለው። ገምጋሚም ተማሪን የሚመዝነው በሪሉ ውስጥ ባለው እጅግ ደካማ ሾት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ያ ሾት ተማሪው ሊያወጣው ሲችል የተወው፣ «ይህም ጥሩ ነው» ብሎ የፈረደለት ስለሆነ።

ምርጡ ሾት መጀመሪያ ይግባ። ብዙ ተማሪዎች ታሪክ የሚተርኩ እየመሰላቸው ምርጡን ለመጨረሻ ያቆያሉ፤ መጨረሻው ግን ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ከእርሱ በፊት የሚያስፈልገው ስምን፣ የተመረጠውን የሥራ ዘርፍና አድራሻን የያዘ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ የሚቆይ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ያው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ይደገማል። የራስን ስም በሦስት አቅጣጫ እያሽከረከሩ፣ በብልጭታና በጭስ ታጅቦ ብቅ እስኪል ተመልካቹን ማስጠበቅ ይቅር፤ ለዚያ የተሰጠው ጊዜ ከሥራው ላይ የተቆረጠ ነው። የምትነጥር ኳስና ተራ የእግር ጉዞ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጡ መልመጃዎች ስለሆኑ ገምጋሚው ተመሳሳዮቻቸውን ሲያይ ነው የሚውለው። አንድ የእግር ጉዞ በሪል ውስጥ ቦታ የሚያገኘው የሚራመደው ማን እንደሆነ፣ ደክሞት ይሁን ኮርቶ፣ ዘግይቶ ይሁን ተደብቆ፣ ከአረማመዱ ሲታወቅ ነው።

በዚህ ላይ ከሙያችን ታሪክ አንድ ምሳሌ ማንሣት እወዳለሁ። የአኒሜሽን ስቱዲዮው ፒክሳር ራሱን የቻለ ኩባንያ በሆነበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ በሲግራፍ የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ ላይ ምን መሥራት እንደሚችል ለማሳየት ያቀረበው ሁለት ደቂቃ ያህል ርዝመት ያለው አጭር ፊልም ነበር። በፊልሙ ውስጥ ፊት የሌላቸው ሁለት የጠረጴዛ መብራቶች፣ ኳሶችና ወለል ብቻ ናቸው የሚታዩት፤ ካሜራውም ከቦታው አይንቀሳቀስም። ዳይሬክተሩ ጆን ላሴተር እንደተረከው፣ ከትዕይንቱ በኋላ በዘርፉ አንቱ የተባለው ጂም ብሊን ወደ እርሱ ሲመጣ ስለ ጥላው ስሌት ሊጠይቀው መስሎት ነበር፤ ሰውዬው ግን የጠየቀው ትልቁ መብራት እናት ይሁን አባት ነበር። ያ ፊልም ለኩባንያው የማስተዋወቂያ ሥራ ነበር። ውድ የኮምፒውተር ጊዜ የሚጠይቅ ሰፊ ትዕይንት ከመደርደር ይልቅ ያለውን አቅም በሁለት ገጸ ባሕርያት ላይ አዋለው፤ ተመልካቹም ከቴክኒኩ አልፎ ስለ ዝምድናቸው መጠየቅ ጀመረ። ተማሪም ያለው ጊዜና መሣሪያ ውስን ስለሆነ ይህ መንገድ ከማንም ይልቅ ለእርሱ ይስማማዋል።

እስካሁን የተናገርሁት ባመዛኙ ገጸ ባሕርይ ለሚያንቀሳቅሱ ነው። ለሌሎች ዘርፎች ማሳያው ይለያል፤ «ሁሉንም እችላለሁ» የሚል ሪል ደግሞ ተመልካቹን ለየትኛው ክፍል እንደሚቀጥር ግራ ያጋባዋል። ሞዴል የሚሠራ ሰው ሥራውን በዝግታ እያዞረ፣ ቀለም ለብሶም ሽቦ መረቡ እየታየም ያሳያል። ሪግ፣ ማለትም ገጸ ባሕርይው የሚንቀሳቀስበትን አጽምና መቆጣጠሪያ፣ የሚሠራው መቆጣጠሪያዎቹን እያንቀሳቀሰ ትከሻና ጉልበት ሲታጠፉ ቆዳው እንዴት እንደሚከተል ያሳያል። በኮምፖዚቲንግ (የተለያዩ ምስሎችን ወደ አንድ በማዋሐድ) የሚሠራው ምስሉ ከየትኞቹ ንብርብሮች እንደተገነባ በቅደም ተከተል ይገልጣል። የስቶሪቦርድ፣ ማለትም ፊልሙን አስቀድሞ በተከታታይ ሥዕሎች የሚያቅድ፣ ሠራተኛ ሪል ላያስፈልገው ይችላል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚነበብ አንድ ሙሉ ትዕይንት በፒዲኤፍ ቢያቀርብ፣ ያለ ቃል ማብራሪያ ከተነበበለት፣ ከተበታተኑ ውብ ሥዕሎች ይልቅ ይጠቅመዋል። በየትኛውም ዘርፍ ቢሆን ከሕይወት የተሣሉ ፈጣን ሥዕሎች ያሉበት ገጽ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ገምጋሚው ተማሪው ሰውን እንዴት እንደሚመለከት የሚያውቀው ከእነዚያ ነውና።

አሁን ወደ ክሬዲት፣ ማለትም ማን ምን እንደሠራ ወደ መጥቀስ፣ ጉዳይ እመጣለሁ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ። የተማሪ ፊልም ብዙ ጊዜ የቡድን ሥራ ነው። ገጸ ባሕርይውን አንዱ ይቀርጸዋል፣ ሌላው ሪግ ይሠራለታል፣ ሦስተኛው ያንቀሳቅሰዋል፣ አራተኛው ብርሃን ይሰጠዋል፤ ከምረቃ በኋላ ደግሞ አራቱም ያንኑ ሾት ለዚያው ስቱዲዮ ይልኩታል። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ በሾቱ ግርጌ በትንሽ ጽሑፍ ካመለከተ አራቱም የታመኑ ይሆናሉ፤ አንዱ እንኳ ዝም ካለ ግን በእርሱ ላይ የሚያድረው ጥርጣሬ ለሌሎቹም ይተርፋል። ከኢንተርኔት በነጻ የተወሰደ ሪግ መጠቀም ነውር የለበትም፤ የሠራው ሰው ስም ይጠቀስ እንጂ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተገኘ ምስል፣ ዳራም ቢሆን፣ ካለ እንደዚያው ይገለጽ። በተለማማጅነት ጊዜ የተሠራና ገና ለሕዝብ ያልቀረበ ሥራ ደግሞ ያለ ስቱዲዮው የጽሑፍ ፈቃድ በሪል ውስጥ አይገባም፤ የይለፍ ቃል ማድረግ ፈቃድን አይተካም። ሪሉን ተከትሎ የሚሄድ አንድ ገጽ ዝርዝር አዘጋጁና ለእያንዳንዱ ሾት ምን እንደሠራችሁ፣ በምን ሶፍትዌር እንደሠራችሁት፣ ማን እንደተባበራችሁ በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ስለ ድምፅ የምለው አጭር ነው። ገጸ ባሕርይው የሚናገር ከሆነ ድምፁ የግድ ይሰማ፤ ካልሆነ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ወይም ጸጥታ ይበቃል። (ከሾቱ ይልቅ ለከበሮው ምት ሲባል የሚቆረጥ ሪል ለምን እንደበዛ እስካሁን አልተገለጠልኝም።) ሲቪ ከአንድ ገጽ አይለፍ። የሶፍትዌር ችሎታን በኮከብ ወይም በመቶኛ መግለጽም ይቅር፤ «90 በመቶ ብሌንደር» የሚለው ከምን አንጻር እንደተለካ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ቢዝነስ ካርድ የሚያሳትም ሰው ስሙ፣ ዘርፉና የሪሉ አድራሻ ያለ መነጽር የሚነበቡ ይሁኑ፤ ሌላው ጌጥ ነው።

የሚያስቆጨው ሥራው በቅቶ ሳለ በአላላክ መቅረት ነው። በትምህርት ቤት ኢሜይል የሚያመለክት ተማሪ ከምረቃ በኋላ አድራሻው ይዘጋና መልስ ቢላክለትም አይደርሰውም። የይለፍ ቃል ያለው ቪዲዮ ይላካል፤ ቃሉ ግን አይጻፍም። ሊንኩ ሲከፈት «ፈቃድ ጠይቁ» የሚል ገጽ ይመጣል፤ ፈቃድ ለመጠየቅ የሚደክም ገምጋሚ ግን የለም። ከመላካችሁ በፊት ሊንኩን በማታውቁት ሰው ስልክ ላይ፣ አካውንታችሁ ባልተከፈተበት፣ ሞክሩት። ዩቲዩብ ላይ የተሰቀለን ቪዲዮ በዚያው ሊንክ በአዲስ መተካት ስለማይቻል፣ የምታሰራጩት አድራሻ ሪሉ የሚገኝበት የራሳችሁ ድረ ገጽ ቢሆን፣ ሪሉ በተሻሻለ ቁጥር የቀድሞው አድራሻ አይሞትም። ደብዳቤው ደግሞ ማን እንደሆናችሁ፣ ለየትኛው ቦታ እንደምታመለክቱና ሪሉ የት እንዳለ በአራት በአምስት መስመር ይናገር። ለሁሉም ስቱዲዮ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ሲላክ፣ የሌላ ስቱዲዮ ስም ሳይለወጥ ቀርቶ የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 የምናከብረው የዓለም አቀፍ የአኒሜሽን ቀን፣ ኤሚል ሬይኖ በ1892 በፓሪስ በእጁ የሣላቸውን ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ለሕዝብ ያሳየበትን ዕለት የሚያስታውስ ነው። ያ ሰው ግን በዕድሜው ማብቂያ ተስፋ ቆርጦ አብዛኞቹን ሥራዎቹን ሴን ወንዝ ውስጥ ጣላቸው። የዛሬ ተማሪ ሥራውን በገዛ እጁ ወንዝ ውስጥ ባይጥልም፣ ከምረቃ በኋላ የትምህርት ቤቱ የደመና ማከማቻ ሲዘጋ በአንድ ሌሊት ሊያጣው ይችላል። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሾት አሻሽላችሁ እንደገና ማውጣት ስትፈልጉ የተጨመቀው ቪዲዮ አይበቃችሁም፤ ዋናዎቹን የፕሮጀክት ፋይሎች፣ ሪጎቹንና ድምፆቹን፣ ከመመረቃችሁ በፊት በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡ።

ኃላፊነቱን በተማሪው ላይ ብቻ ብጭነው ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። መምህራን የሪል ዝግጅትን ከመመረቂያው ዓመት አንድ ዓመት ቀድማችሁ እንድትጀምሩ፣ ተማሪዎቻችሁም አንዱ የሌላውን ሪል ድምፅ ሳይከፍት እንዲገመግም እንድታደርጉ አደራ እላለሁ፤ ባልንጀራ ያለ ርኅራኄ ሲቆርጥ ማየት የራስን ለመቁረጥ ድፍረት ይሰጣል። ስቱዲዮዎች ደግሞ የሥራ ማስታወቂያ ስታወጡ ምን ዓይነት ሪል፣ በምን ርዝመት፣ ለየትኛው ክፍል እንደምትፈልጉ በግልጽ ጻፉ፤ «ፈጠራ ያለው አኒሜተር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አውጥታችሁ ያልተስተካከለ ማመልከቻ ደረሰን ብላችሁ ማማረር አይቻላችሁም። ለማትቀጥሩትም ተማሪ ቢሆን አንድ መስመር መልስ ላኩ፤ የትኛው ሾት እንዳልያዛችሁ ካወቀ ለሚቀጥለው ማመልከቻ እርሱን ያወጣል።

ከዚህ ንግግር ቀጥሎ ባለው ክፍለ ጊዜ ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች ሪሎች በዚህ ማያ ላይ ይታያሉ። ከስቱዲዮ የመጡ ባልደረቦቻችንም በየሪሉ ውስጥ የሚያወጡትን ሾትና የሚያወጡበትን ምክንያት ይናገራሉ። ሪላችሁን በፍላሽ የያዛችሁ በመግቢያው በር ላለው አስተባባሪ እንድታስረክቡ እየጠየቅሁ፣ ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ። አመሰግናለሁ።