ልጅ ከመቀበላችን በፊት ወረቀቱ ይቅደም

ጤና ይስጥልኝ! የሕፃናት ማቆያ ልትከፍቱ ያሰባችሁም፣ ከፍታችሁ ላይ ታች የምትሉም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አብዛኞቻችን ወደዚህ ሥራ የገባነው ልጅ ስለምንወድ ነው። ግን በር ላይ ጭቅጭቅ ሲነሳ የሚዳኘን ወረቀት ነው፤ እኔ ይህን የተማርኩት ደንግጬ ነው።

አመሻሽ ላይ ነው። ልጆቹ ቦርሳቸውን አንግተው ወላጆቻቸውን ይጠብቃሉ። አንድ አባት መጣ። ልጁ ገና ሲያየው «አባዬ!» ብሎ ሮጦ እግሩ ላይ ተጠመጠመ። እናትየው ግን ጠዋት «ለሱ እንዳትሰጪው» ብላኛለች። በሩን ይዤ ቆምኩ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልጁ የአንድ እግሩ ጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ አንዴ እኔን አንዴ አባቱን ያያል። እናትየው እስክትደርስ ድረስ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር።

በብዙ አገር ሕግ፣ ፍርድ ቤት ሌላ ነገር ካልወሰነ በቀር ሁለቱም ወላጆች በልጃቸው ላይ እኩል መብት አላቸው። የአንዱ ቃል ብቻ ሌላውን ለመከልከል አይበቃንም። ስለዚህ ገና ሲመዘገቡ ጠይቁ። ልጁን ማን ማን ይወስዳል? ስም፣ ስልክ፣ ፎቶ ያዙ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለ ኮፒው ፋይል ውስጥ ይግባ። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው ከመጣ መታወቂያውን እዩና ለወላጅ ደውሉ፤ ስትደውሉ ግን ፋይላችሁ ላይ ባለው ቁጥር እንጂ ሰውየው በሚሰጣችሁ ቁጥር አይሁን።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ውሉ ላይ ክፍያው ለተያዘው ቦታ እንጂ ልጁ ለመጣበት ቀን እንዳልሆነ በግልጽ ጻፉ። ልጁ ታሞ ሦስት ቀን ቢቀር የሠራተኛው ደሞዝ አይቀርም። አርፍዶ የሚወስድ ምን ያህል ይጨምራል፣ የሚለቅ ከስንት ቀን በፊት ያሳውቃል፣ እሱም ይስፈር። ሂሳብ ስትሠሩ ደግሞ ክፍሉ ሁሌ ሙሉ ይሆናል ብላችሁ አትነሱ።

ብዙ ማቆያ የሚወድቀው ግን እዚህ ላይ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው አካል አንድ ተንከባካቢ ስንት ልጅ መያዝ እንደምትችል ይወስናል፤ ቁጥሩ እንደ አገሩና እንደ ልጁ ዕድሜ ይለያያል። ለአንዷ አራት ሕፃን ነው እንበል። አምስተኛው ሲመጣ ደስ ይለናል፣ ምክንያቱም ገቢ ነው፤ ግን አምስተኛው ልጅ አንድ ሙሉ ደሞዝ ይዞ ነው የሚመጣው! እሱን ብቻ ተቀብላችሁ ሰው ከቀጠራችሁ ትከስራላችሁ፣ ሳትቀጥሩ ከተቀበላችሁት ደግሞ ፈቃዳችሁንም ልጆቹንም አደጋ ላይ ትጥላላችሁ። ተጠባባቂ መዝገብ ያዙ፤ ደሞዙን የሚሸፍን ቁጥር ሲሞላ አንድ ላይ ተቀበሉ። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት እንኳ በአንቀጽ 3 ላይ ስለ ተንከባካቢዎች ብዛትና ብቃት ያነሳል። አንዷ ዳይፐር ስትቀይር ሌሎቹን የሚያይ ዓይን ያስፈልጋላ።

ልጅ ሲጫጫር ወይ ሲወድቅ በዚያው ቀን ጻፉት፤ ሰዓቱን፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን፣ ያደረጋችሁትን፣ ለማን እንደነገራችሁ። ግምት አትጨምሩ። ለወላጅ በምትሰጡት ቅጂ ላይ የሌላውን ልጅ ስም አትጥቀሱ። መድኃኒትም ቢሆን ስሙ፣ መጠኑና ሰዓቱ ተጽፎ ወላጅ ካልፈረመበት አትስጡ።

ኢንሹራንስ ስትገቡ የማይሸፍነውን ክፍል አንብቡ። በተለይ ቤታችሁ ውስጥ የምትሠሩ፣ የቤት ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ንግድን አይሸፍንም። ውሉን ደግሞ የአገራችሁን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አንድ ጊዜ ይየው፤ ለሱ የምትከፍሉት አይቆጫችሁም።

ነገ ጠዋት ልጆቹ ገብተው ሲረጋጉ ፋይሎቹን አውጡና የአደጋ ጊዜ ስልኮቹን አንድ በአንድ ደውላችሁ ሞክሩ። የማይሠራ ካገኛችሁ ማታ ልጁን ሊወስድ የሚመጣውን ወላጅ እዚያው በር ላይ አስቁማችሁ አዲሱን ቁጥር ጻፉ።