ባለ600ውን ሌንስ ለምን ትቼው እንደምሄድ

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። የምቀዳው ደሴ፣ ከቤቴ ነው። የባጃጅ ድምፅ ከገባ ቻሉኝ።

ከመስቀል በኋላ አውሬ ፎቶ ላነሳ ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ አስቤያለሁ። የድሮው ደንቆሮ ጫካ ማለት ነው። በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም፣ ከዚያ ወዲያ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ነው ታዲያ። በዚህ ዘመን ከሌንስ በፊት የሚጠየቀው እሱ ነው። ካልሆነ ጉዞው ይቆያል፤ ተራራው የትም አይሄድም።

ጉዞው ገና ነው፤ የዕቃው ክርክር ግን ከወዲሁ ተጀምሯል። አንድ ጓደኛዬ ባለ150-600 ሌንስ አለው። ቁጥሩ በሚሊሜትር ነው፤ በበዛ ቁጥር የሩቁን ያቀርባል። «አብሽር፣ እኔ አውስሃለሁ» አለኝ። በነፃ! በነፃ የመጣ ሌንስ እንቢ ይባላል? እኔ ግን እንቢ ልል ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

ዕቃ የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ምን ልያዝ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ «የትኛው ፎቶ ይቅርብኝ?» ብዬ መጀመር ይሻለኛል። ሁሉም ፎቶ የሚያምረው ሰው ሁሉንም ዕቃ ይሸከማል። ሁሉንም የተሸከመ ደግሞ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ትንፋሹ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ካሜራውን ከቦርሳ ማውጣት ራሱ ይታክተዋል።

ደሴ ራሷ ከ2400 ሜትር በላይ ናት። ብርድም ዳገትም ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ የጦሳን ተራራ እያየን ነው ያደግነው። የፓርኩ የላይኛው ክፍል ግን ከ3500 ሜትር ያልፋል። እዚያ ከፍታ ላይ አንዲት ኪሎ ታስታውቃለች። ያ ሌንስ ብቻውን ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። ካሜራውን፣ ትራይፖዱን፣ ውሃውን፣ ጋቢውን ጨምሩበት። «በቅሎ ይከራያል እኮ» ትሉኝ ይሆናል። ይከራያል። ግን ጭላዳው ከፊት ብቅ ሲል በቅሎዋ ከኋላ ናት፤ ሌንሱም እሷ ላይ ነው። ጭነት እስኪፈታ የሚጠብቅ ጭላዳ አላጋጠመኝም።

እና የሚቀርብኝ ፎቶ የትኛው ነው? የቀይ ቀበሮው። ወይ ጉድ ያላችሁኝ አላችሁ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። በጠቅላላው ያሉት አዋቂዎች 500 አይሞሉም። ወሎ ውስጥ እዚያው ቦረና ሳይንት አለ፤ ወደ ላሊበላ በኩል አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይም አለ። ባየው እንዴት ደስ ባለኝ! ግን በዓይኔ ልየው፣ ይበቃኛል። ይህ እንስሳ የሚያድነው ብቻውን፣ በቀን፣ ጆሮውን ቀስሮ የአይጥ ጉድጓድ እያደመጠ ነው። ፊቱን ሞልቶ ለማንሳት 600 እንኳ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ መጠጋት ይጠይቃል። ስትጠጋ አይጦቹ ጉድጓዳቸው ይገባሉ፣ እሱም ጥሎ ይሄዳል። ለአንድ ፎቶ ብለህ ቁርሱን አበላሸህበት ማለት ነው።

ቀበሮውን ከተውኩ በኋላ ሌላው ሁሉ ቀለለ። 70-300 ይዤ እሄዳለሁ። የእኔ ካሜራ ሴንሰሩ ትንሽ ነው፤ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው። ሰርግ ላይ ያናድደኛል፤ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሚዜዎቹ ሁሉ አይገቡልኝም። ለአውሬ ግን ተመችቶኛል። ትንሹ ሴንሰር የምስሉን ዳር ቆርጦ መሐሉን ብቻ ስለሚይዝ (ክሮፕ ይሉታል፣ የእኔው 1.5 ነው) 300ው እንደ 450 ያቀርብልኛል።

ባለፈው ስሄድ አብረውኝ የነበሩት ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ ማለት ነው፣ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ጭላዳዎቹን ከሩቅ አይቼ ቶሎ ቶሎ ልራመድ ስል «ልጄ፣ ቁጭ በል። አትያቸው» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ጭላዳ ገብስ ውስጥ እየገባ በገበሬ ይባረራል፤ ስለዚህ ቆሞ የሚመጣ ሰው አይወድም። የተቀመጠ ሰው ግን ብዙም አያሳስበውም። ሣር እየነጩ እየነጩ ወደኛ መጡ።

አንዱን ትልቅ ወንድ በደንብ አየሁት። በቂጡ ተቀምጧል። ሳይነሳ ወደፊት እየተንፏቀቀ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን እየለየ ይነጫል። እጁ ሲሞላ ወደ አፉ ይልከዋል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ሲያጎነብስ በጎፈሩ ይከለላል፤ ቀና ሲል ግልጥ ይላል። ያንን ቀና ማለቱን መጠበቅ ነው የፎቶ አንሺው ሥራ። ለዚያ 300ው በቅቶኛል። በ600 ቢሆን ጭንቅላት ብቻ ነበር የማገኘው። ከኋላው ያለው ገደል፣ ጅብራው፣ ከታች የሚወጣው ጉም ሁሉ ይቆረጥ ነበር። ፊት ብቻውንማ የእንስሳት ማቆያ ውስጥም ይነሳል። ወሎ መሆኑ የሚታወቀው ከኋላው በሚታየው ነው።

ደግሞ ሰዓቱ። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ገደማ ያለው ብርሃን ነው ብርሃን። ከዚያ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች፤ መሬቱ ይግላል፤ አየሩ መርገብገብ ይጀምራል። ያን ጊዜ ከሩቅ በረጅም ሌንስ የተነሳ ፎቶ፣ ሌንሱ የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን፣ ብዥ ይላል። ሰው ፎከሱን ይወቅሳል። ፎከሱ ምንም አላደረገም፤ አየሩ ነው። ስለዚህ ቀትር ላይ እኔ ምሳዬን እበላለሁ።

የሰርግ ዕቃዬ ሁሉ ደሴ ይቀራል። ፍላሽ አልይዝም። ያ ከባዱ 24-70ም ይቀመጥ። ለሰፊው ቦታ ከካሜራው ጋር የመጣችው 18-55 በኪሴ ትገባለች። ፎቶ አንሺዎች ይንቋታል፤ እዚያ በቀን ብርሃን ግን ምን ጎደላት? ትራይፖድም ይቀራል። በሱ ፋንታ ባዶ የጨርቅ ከረጢት እይዛለሁ። እዚያ ስደርስ ባቄላ ገዝቼ እሞላበታለሁ። ድንጋይ ላይ ጣል አድርጋችሁ ሌንሱን ስታስደግፉበት ንቅንቅ አይልም። የሹተሩን ፍጥነት 1/500 ሰከንድ አካባቢ ካደረጋችሁ ደግሞ ትራይፖድ ትዝም አይላችሁ። ስመለስ ባቄላው ይቆላል።

ብርዱን አትናቁት። ብርድ የባትሪን ጉልበት ይወስዳል፤ ሲሞቅ ይመለስለታል። እኔ ትርፍ ባትሪዎቹን በውስጥ ኪሴ ነው የማኖራቸው፤ ሌሊትም ጋቢ ውስጥ አብረውኝ ያድራሉ። ማታ ከብርዱ እሳት ወደሚነድበት ቤት ስትገቡ ደግሞ ሌንሱ ላብ ያወጣል። ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ከታችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት። ላቡ ፌስታሉ ላይ ይቀራል። እስኪሞቅ ድረስ እንዳትከፍቱት፤ ፎቶ ለማየት እጅ እንደሚበላ አውቃለሁ። ጉም ውስጥ ስታነሱ ካሜራው ነጩን አይቶ ያጨልመዋልና የብርሃን ማስተካከያውን (ኤክስፖዠሩን) ወደ ፕላስ 1 ከፍ አድርጉት።

ድሮን የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ፈቃዱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቢፈቀድልኝ እንኳ ገደል አፋፍ ላይ ያለ የጭላዳ መንጋ አናት ላይ ያንን ነገር ማስጮህ አልፈልግም። ሕፃን ያዘሉ እናቶች አሉ እኮ።

ለጓደኛዬ ነገ ደውዬ እነግረዋለሁ። መቀየሙ አይቀርም፤ ቡና ጋብዤ እታረቀዋለሁ። በቅርብ በዚያ መስመር የሄዳችሁ ካላችሁ ስለ መንገዱ ጻፉልኝ። ከመካነ ሰላም ወዲያ ባትሪ የሚሞላበት ቦታ የምታውቁም ካላችሁ እንደዚያው። በሚቀጥለው እንገናኝ፤ ቸር ሰንብቱ።