የንጉሥ ኩል

ክቡራን እንግዶች፣ መምህራን ባልደረቦቼ፣ ወላጆች፣ ልጆቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

የእንግሊዝኛ ክበባችን የዓመቱ መዝጊያ ስለሆነ ስለ ንባብ ልማድ አምስት ደቂቃ እንድናገር ታዝዣለሁ። እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ዕድሜ ልኬን በሆዴ ይዣት የኖርኩ አንዲት ነገር አለች።

ብዙዎቻችሁን እዚሁ ደብረ ማርቆስ አስተምሬአችኋለሁ፤ ምናልባት ያን ቀን ክፍል ውስጥ የነበረም አይጠፋም። ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ሊጎበኘን ገባ። ከቢቸና ገጠር የመጣ፣ የጨርቅ ኳስ ሲያንከባልል ያደገ ልጅ እጁን አወጣ። በእንግሊዝኛ «ስፖርት እወዳለሁ» ሊል ነበር። በ«ስ» እና በ«ፖ» መካከል አንዲት ትንሽ አናባቢ ሾልካ ገባችና «ሰፖርት» አደረገችው፤ ትርጉሙ ድጋፍ እወዳለሁ ሆነ! እንግዳው ከልቡ አዝኖ ምን እንርዳህ ቢለው፣ ልጁ ስለ ስፖርት የተጠየቀ መስሎት «ኳስ» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። ልጁ ዓመቱ እስኪያልቅ በእኔ ክፍለ ጊዜ አፉን አልከፈተም። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ጥፋቱ ምን ነበር? ያደገበትን ቋንቋ ማመኑ! «ልብስ» ስንል «ል»ን በአናባቢ እናነበዋለን፤ «ብ» እና «ስ» ግን ተጣብቀው ያልቃሉ። ሁሉም ሳድስ ናቸው፤ ፊደሉ አይነግረንም፣ ጆሯችን ነው የሚያውቀው። ተነባቢ ማጣበቅ በቃል መጨረሻ ለምዶልናል፤ በመጀመሪያው ሲመጣብን ብዙ ጊዜ «እ» እናስቀድማለን፤ «እስክሪብቶ» የምንለው ለዚህ ነው። እንግሊዝኛ በቃል መጀመሪያ እስከ 3 ተነባቢ ይደረድራል፤ 3 ሲሆኑ ፊተኛው ሁልጊዜ «ስ» ነው፤ «ስትሪት»ን አስቡ። በመጨረሻ እስከ 4 ይደርሳል፤ «ቴክስትስ» ሲሉ ቁጠሩት።

እስቲ «ክረምት» በሉ፤ ፈጠን አድርጋችሁ። «ክ» እና «ረ» ሲጣበቁ አልሰማችሁም? የጎጃም ልጅ ምላሱ አይችልም ያለው ማን ነው? የእንግሊዝኛ ባለቤቶች ራሳቸው «ኔክስት ዴይ» ሲሉ «ት»ን ይውጧታል፤ የሚስቅባቸው ግን የለም!

እኛ የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ የዲማና የዋሸራ አገር ልጆች ነን። የኔታ የግእዝ ንባብን ስልት፣ ተነሽና ወዳቂውን፣ እስክንለይ አንዱን ቃል መቶ ጊዜ ያስደግሙን ነበር። አለንጋቸውን አልረሳሁም፤ በምላሳችን ግን አንድ ቀን አልሳቁም። እኛ ዲግሪ የያዝነው ልጁን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉን በእንግሊዝኛ ተማር እንለዋለን፤ አፉን ሲከፍት እንስቅበታለን! ከዚያ «ተማሪዎቻችን አይናገሩም» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን! ማን አፋቸውን ዘጋው?

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ቃሉን ከኋላው ጀምሩት፤ «ኢት»፣ «ሪት»፣ «ትሪት»፣ «ስትሪት»። «ስኩል» አልወጣ ላለው ደግሞ «የንጉሥ ኩል» በል በሉት። ንጉሥ ኩል ይኳል አይኳል የእኛ ጉዳይ አይደለም፤ «ሥ» እና «ኩ» መያያዛቸውን ነው የምንፈልገው።

ስለ ንባብ ልማድ የታዘዝኩት፦ ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜም ይከፈት፤ ልጆች ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። አምስቱ ደቂቃ አልፏል መሰለኝ።

ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት ሁላችሁም፣ ወላጆችም ጭምር፣ ተነሡልኝ። «የንጉሥ ኩል» በሉ። አንድ ጊዜ ድገሙት። አሁን «የንጉ»ን ተዉት።