ፍሬት የሌለው ቤዝ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። አጠገቤ ያለው ቤዝ ጊታሬ ነው። ከመስከረም ወዲህ ማታ ማታ ከእጄ አልወጣም። ስለ እሱ ላውራችሁ። ቤዙ ፍሬት የለውም።

ፍሬት የሚባሉት ጊታር አንገት ላይ ተጋድመው የምታዩዋቸው ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። ጣታችሁ በሁለት ብረቶች መሀል የትም ይረፍ፣ ክሩን የሚያቆመው ብረቱ ስለሆነ ድምፁ ቦታው ላይ ይወጣል። እዚህኛው ላይ ግን ያለው ልሙጥ እንጨት ብቻ ነው። ክሩን የሚያቆመው የራሳችሁ ጣት ነው። ግማሽ ሴንቲ ወደ ኋላ ከቀራችሁ ድምፁ ወርዶ ይሰማል፤ ካለፋችሁ ከፍ ይላል።

እኔ ፍሬት ባለው ቤዝ 9 ዓመት ተጫውቻለሁ። እዚሁ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ፣ ሠርግ ላይ፣ ቅዳሜ ማታ ምግብ ቤት ውስጥ። ጆሮ አለኝ ብዬ አምን ነበር።

ይሄንን ያገኘሁት ባልቲሞር ነው፣ ከአንድ ሰው፣ በ380 ዶላር። «ምንም አልሆነም፣ እንደ አዲስ ነው» አለኝ። ሳሎኑ ጨለም ያለ ነበር፣ እኔም ቸኩያለሁ። ቤት አምጥቼ መብራት ሥር ሳየው፣ ከቀጭኑ ክር በታች እንጨቱ ተቦርቡሯል። ጥፍሬን ብሰድበት ገባ። በጣም ከፋኝ። የታሰረበት ክር ራውንድዋውንድ የሚባለው ነበር፤ ክብ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ ሲዳብሱት እንደ ሞረድ የሚሻክር። ፍሬት ባለው ላይ ችግር የለውም። ባዶ እንጨት ላይ ግን ጣት በተንሸራተተ ቁጥር ይበላዋል።

አሜሪካዊውን የቤዝ ተጫዋች ጃኮ ፓስቶሪየስን ቤዝ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። የ1962 ፌንደር ጃዝ ቤዙ ፍሬቶቹ የወለቁ ነበር፤ ክፍተቶቹ ተሞልተው አንገቱ የተቀባው ጀልባ በሚቀባበት ኢፖክሲ፣ ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ ነው። እሱም ያንኑ ሻካራ ክር ነበር የሚያስረው፤ እንጨቱ እንዳይበላበት ነው። በ1976 የወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን ስሰማ ድሮ የሚገርመኝ የጣቱ ፍጥነት ነበር። አሁን የሚገርመኝ እያንዳንዷ ድምፅ ቦታዋ ላይ መሆኗ ነው። በዚያ ፍጥነት!

እኔ ኢፖክሲ ውስጥ አልገባሁም። ጊታር የሚጠግን ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። 120 ዶላር ተቀብሎ አንገቱን ላገልኝ። ከዚያ ፍላትዋውንድ አሰርኩበት፣ ላዩ ለስለስ ያለ ክር። ድምፁ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፤ እንጨቱ ግን ይድናል። ያገለገለ ፍሬት አልባ ቤዝ የምትገዙ ካላችሁ፣ እባካችሁ አንገቱን በመብራት እዩት። ክሮቹን አላሉና ጣታችሁን ከሥራቸው አሳልፉ። ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው።

መማሩ እንዲህ ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት ዓይኔን ነበር የማምነው። አንገቱ ጎን ላይ ትናንሽ ነጥቦች አሉ፤ እነሱን እያየሁ እጫናለሁ። ግን ከላይ ወደ ታች ስታዩ ነጥቡ ያለ ቦታው ይታያል። ርቀቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ክሩ 86 ሴንቲ ግድም ነው። ከጫፉ የመጀመሪያው ግማሽ ድምፅ ድረስ 5 ሴንቲ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ክሩ መሀል ስትደርሱ ያው እርምጃ ግማሽ ይሆናል። ወደ ሆዱ በተጠጋችሁ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል። ቱነሩን፣ ድምፁ ከፍ ወይ ዝቅ ማለቱን የሚያሳየውን መቃኛ፣ ፊት ለፊቴ አስቀምጬም ሞከርኩ። ያው ዓይን ነው። በመጨረሻ ቱነሩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ስልኬ ላይ አንድ ድምፅ ሳይቋረጥ እንዲያሰማ አደረግሁ። «ላ»ን ብቻ። መብራት አጠፋሁ። መጀመሪያ የምፈልገውን ድምፅ በአፌ አወጣለሁ፣ ከዚያ በጣቴ እሄድበታለሁ። እስቲ ስሙት።

(ቤዝ ይጫወታል)

ሰማችሁት? ዋው… ዋው… ዋው… የሚለውን? ሁለት ድምፆች ተቀራርበው ሳይገጥሙ ሲቀሩ እንደዚያ ይንቀጠቀጣሉ። ጣቴን ቀስ አድርጌ ሳስጠጋው መንቀጥቀጡ ይዘገያል፣ ይዘገያል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ያኔ ቤዙ ሆዴ ላይ ሲርገበገብ ይሰማኛል። መጀመሪያ የገጠመልኝ ቀን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኖ ነበር። ክሩ ድምፁን እስኪጨርስ እጄን አላነሳሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ባንዳችን ውስጥ ማሲንቆ የሚጫወት ልጅ አለ። ለዓመታት አንቺ ሆዬ ቅኝት ላይ አንስማማም ነበር። ሁለተኛዋን ድምፅ ከእኔ ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው የሚይዛት። እኔ «ማሲንቆው ወጥቷል፣ ቃኘው» እለው ነበር። አንድ ጊዜ ሰው ፊት ቱነር ሰጥቼዋለሁ። እሱ ዝም አለ፤ ተቀበለኝና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

ፍሬት አንዱን ኦክታቭ፣ ከአንዱ «ላ» እስከ ቀጣዩ «ላ» ያለውን፣ ለ12 እኩል ይከፍለዋል። ማሲንቆ ላይ እንዲህ ያለ አጥር የለም። ተጫዋቹ ክሩን አንገቱ ድረስ እንኳ አይጫነውም፤ በጣቱ ነው የሚያቆመው። ድምፁን የሚያስቀምጠው ጆሮው ባዘዘው ቦታ ነው፤ ጆሮውም ያደገው በዚያው ዜማ ውስጥ ነው። ልጁ ከዜማው አልወጣም ነበር። ብረት አግዶኝ ወደ እሱ መሄድ ያልቻልኩት እኔ ነኝ። እኔ ግን እሱን አስተካክል እለው ነበር።

ይሄ የገባኝ ህዳር ላይ ነው። ደወልኩለትና ይቅርታ ጠየቅኩት። «ተወው ባክህ፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ። የቱነሩን ነገር አነሳሁበት። ትንሽ ቆየና «አስታውሳለሁ» አለኝ።

ያለፈው እሁድ ልምምድ ላይ ይሄን ቤዝ ይዤ ሄድኩ። አንቺ ሆዬ ጀመርን። ሁለተኛዋ ድምፅ ላይ ስንደርስ አሁንም ከእኔ ከፍ ብሎ ያዛት። ጣቴን ሳላነሳ ወደ እሱ አስጠጋሁት፤ አንድ ሴንቲ እንኳ አይሞላም። ዋው ዋው የሚለው ቆመ። ከማሲንቆው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ዘፋኟ እስክትገባ መጠበቅ ሲገባን፣ እዚያችው ድምፅ ላይ እንዳለን ደገማት፤ እኔም ደገምኳት።